ዘሩ የማን፣ አዝመራው የማን?

የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ የዘር እህል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ክፉ ቀን ሲመጣ ከብቱ ይሸጣል፤ ዕቃው ይሸጣል፤ ዘሩ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ዘሩ ከተበላ የከርሞ ተስፋ አብሮ ተበላ ማለት ነዋ! በአሜሪካ አገር ግን ባለፈው ምዕተ ዓመት አንድ እንግዳ የእርሻ ዘዴ ብቅ አለ። ድኻው ያለችውን ገንዘብ «ዘር ናት» ተብሎ በፖስታ አሽጎ ለሰባኪ ይልካል፤ አዝመራውን ከሰማይ ይጠብቃል። ይህ «የብልጽግና ወንጌል» የሚባለው ትምህርት ከየት መጣ?

አንዳንዱ ሰው «ሌቦች ናቸው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሌብነትማ በየዘመኑ አለ። ሲሞን መሠርይስ በሐዋርያት ዘመን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ልግዛ ብሎ የለም? የታሪክ ተማሪ ግን ለምን በዚያ ጊዜ፣ ለምን በዚያ ቦታ ብሎ መጠየቅ አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሐሳቡን ሥር ብንቆፍር ኢ. ደብልዩ. ኬንየን የሚባል ሰባኪ እናገኛለን (1867–1948)። አማኝ በአንደበቱ በእምነት የተናገረው ነገር ይሆንለታል ብሎ ያስተምር ነበር። ኬኔት ሄገን ይህን ወርሶ አስፋፋው፤ በ1974ም በኦክላሆማ፣ በተልሳ ከተማ አካባቢ የሰባክያን ማሠልጠኛ ከፈተ። ሐሳብ ግን ብቻውን አይሄድም፤ የሚሸከመው እግር ይፈልጋል። እግር የሰጠው ኦራል ሮበርትስ ነው።

ሮበርትስ በ1918 በኦክላሆማ ከድኻ ሰባኪ ቤት ተወለደ። ራሱ እንደተረከው፣ በ1947 ሦስተኛውን የዮሐንስ መልእክት ሲገልጥ ቁጥር 2 ላይ ዓይኑ አረፈ። ጥቅሱ የደብዳቤ ሰላምታ ነው፤ ጸሐፊው ለወዳጁ ጤናና መልካም ኑሮ ይመኝለታል። ሮበርትስ ግን ሰላምታውን እንደ ውል አነበበው። ድንኳኑን ተክሎ በየከተማው ለሕሙማን ሲጸልይ ቆየና፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ቴሌቪዥን ገባ። ቴሌቪዥን ደግሞ ገንዘብ ይበላል።

በዚሁ ጊዜ «የበረከት ቃል ኪዳን» የሚባል ነገር አወጣ። ገንዘብ የሰጠ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠበቀው ቦታ ያንኑ ያህል ያገኛል፤ ካላገኘ ሮበርትስ ራሱ ገንዘቡን ይመልስለታል። እስቲ ልብ እንበል! ይህ ውል የሚያስቅ ቢመስልም አንድ ደግ ጎን ነበረው፤ ጉዳቱ የሰባኪውም ነበር።

በ1960 ሌላ ለውጥ መጣ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ጣቢያዎች ለሕዝብ ጥቅም እንዲሠሩ ግዴታ ስላለባቸው፣ ለታላላቆቹ የሃይማኖት ድርጅቶች የተወሰነ ሰዓት በነፃ ይሰጡ ነበር። በ1960 የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በክፍያ የሚተላለፍ የሃይማኖት ዝግጅትም ለዚህ ግዴታ ሊቆጠር እንደሚችል አስታወቀ። ታዲያ በገንዘብ ሊሸጥ የሚችል ሰዓት በነፃ የሚሰጥ የትኛው ነጋዴ ነው? በ1959 ከሃይማኖት ዝግጅቶች 53 ከመቶ ያህሉ በክፍያ ይተላለፉ ነበር፤ በ1977 ቁጥሩ 92 ከመቶ ደረሰ። እንግዲህ አየሩን የያዘው ሰዓቱን መግዛት የቻለ ነው። ለመግዛት ደግሞ በየሳምንቱ መለመን ግድ ነው። «ስጡ፣ ይበዛላችኋል» የሚለው ስብከት የሰባኪው ስግብግብነት ብቻ ሳይሆን የቴሌቪዥን ሒሳብም የወለደው ነው።

በ1970 ሮበርትስ ስለ «የዘር እምነት» የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ገንዘብህ ዘር ነው፤ ዝራው፤ ታጭዳለህ። በዚህ ትምህርት ውስጥ ግን ያ የድሮው «እመልስልሃለሁ» የለም። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አዝመራው ቢቀር ጥፋቱ የማን ነው? የሰባኪው አይደለም፤ የእግዜርም ሊሆን አይችልም። የቀረው ዘሪው ነው፤ እምነቱ ጎደለ፣ ወይም ዘሩ አነሰ ይባላል። ድኻው ገንዘቡን ካጣ በኋላ ጥፋተኛም እሱ ይሆናል ማለት ነው።

ፍሬው በ1980ዎቹ ታየ። ሮበርትስ በ1981 የከፈተውን ታላቅ ሆስፒታል ማስተዳደር አቅቶት በ1989 ዘጋው። በ1987 መጀመሪያ ላይ 8 ሚሊዮን ዶላር ካልተሰበሰበ እግዚአብሔር ወደ ራሱ እንደሚጠራው ተናገረ፤ ገንዘቡም ተገኘ። የጂም ቤከር ነገርማ ይብሳል። ቤከር በደቡብ ካሮላይና ለአማኞች መዝናኛ ሠርቶ፣ 1,000 ዶላር ለሰጠ ሁሉ ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ ሦስት ሌሊት በነፃ እንደሚያድር ቃል ገባ። ከ100,000 ሰው በላይ ከፈለ። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው፦ 100,000 ሰው ሦስት ሌሊት ሲያድር 300,000 ይሆናል፤ የዋናው ሆቴል 500 ያህል ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ ቢያዙ ግን 182,500 ብቻ ናቸው። የተጀመረው ሌላው ፎቅ አላለቀም። በ1989 በ24 ክስ ጥፋተኛ ተብሎ 45 ዓመት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ በ1994 ተፈታ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የብልጽግናን ትምህርት ራሱ ካደው።

ከዚያስ ሕግ በረታ? አልበረታም። በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት እንደሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ሒሳባቸውን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ የለባቸውም። በ2007 ሴናተር ግራስሊ የስድስት ታዋቂ ሰባክያንን ሒሳብ ጠየቀ፤ የተሟላ መልስ የሰጡት ሁለቱ ናቸው። ምርመራው በ2011 ያለ ቅጣት ተዘጋ።

ትምህርቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ አፍሪካ ገብቷል። የናይጄሪያው ቤንሰን አይዳሆሳ በ1971 ዳላስ ተምሮ ተመልሶ በቤኒን ከተማ ብዙ ሰባክያንን አሠልጥኗል። የሳተላይት ሰሐን ባለበት የአገራችን ጣራ ሥርም ድምፁ ይሰማል። ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ዝም አላሉም፤ የሎዛን ንቅናቄ የአፍሪካ ሊቃውንት በ2008 እና በ2009 በጋና፣ በአክሮፖንግ ተሰብስበው ትምህርቱን ነቅፈዋል። ነገር ግን ሕዝቡን የሚስበው ድህነቱ መሆኑንም አልሸሸጉም። ልክ ናቸው። ሐኪም ቤት መክፈያ ያጣች እናት ተስፋ ብትገዛ የሚያስቅ ነገር የለበትም።

ድኻ ገንዘቡን ማዋጣቱ አይደለም ክፋቱ። እቁብም እኮ ይዋጣል፤ እድርም ይዋጣል። ግን እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። እጣው የወጣለት ሁሉ ስሙ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ያልደረሰው ቢጮህ «እምነት የለህም» የሚለው የለም። ለሰማይ ነው ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ በምድር መዝገብ ይኑረው ማለት ክህደት ሊባል አይገባም። ዘሪው ጎተራውን ከፍቶ የማየት መብት አለው።