ከወረርሽኝ በኋላ የመጣው ልኬት

የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ወባ በደምቢያ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነው። ሐኪም ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ ቢጠብቅ አገር እንደሚያልቅ ያኔ ታየ፤ ስለዚህ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን ገጠር እየወጡ እንዲማሩ ተደረገ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም የዚያው መንገድ ተከታይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 16 ፓኬጆች ትኩረታቸው በእናቶችና ሕፃናት፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታ ላይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ተላላፊው ካላዛር ሲነሳ ይህ ትኩረት ትክክል መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። የደም ግፊት ግን በዚህ ሁሉ መሐል ተረሳ። መለኪያው ጠፍቶ አይደለም፤ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚነፋውን ጨርቅ የሠራው በአድዋ ድል ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 ማዳመጫውን ጨመረበት። የተረሳው ሕመሙ ስለማይጮህ ነው። ለቁርጥማቱ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርድ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል፤ ግፊት ያለበት ግን እርሻውን እያረሰ፣ ገበያ እየዋለ ይከርምና አንድ ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል።

እንዲህ ያለውን በሽታ በሽተኛው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ደምቢያ ያስተማረችንን መርሳት ነው፤ ልኬቱ ወደ ቤትና ወደ ጤና ኬላ መውጣት አለበት። ከገጠር ቀበሌ ሰዓታት በእግሩ ተጉዞ ደብረ ታቦር የደረሰ፣ ወረፋ ሲጠብቅ የቆየ፣ ነጭ ጋውን ሲያይ የሚደነግጥ ሰው አንዴ ቢለካ ቁጥሩ ድካሙንና ፍርሃቱንም ይጨምራል። በቤት ግን አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ሳያወራ መለካት ይችላል። አቦል ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ማለፍ አለበት። በደጋው ብርድ ብዙዎች የሚስቱት ሌላም ነገር አለ፦ ጨርቁ የሚታሰረው በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንት የተመዘገበ ቁጥር ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ ይታመናል።

ሕዝቡ ቁጥር ካየ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ይጨምራል፣ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን ሕመም ስላልተሰማው ብቻ ኪኒኑን የሚያቋርጠው ሰው አሁንም ያለ ምንም ቁጥር ያቋርጣል። መዝገቡ ውሳኔውን ከሐኪሙ አይነጥቅም፤ የሚወስንበትን ይሰጠዋል። መሣሪያው ይሳሳታል ለሚሉትም በየጊዜው ከጤና ጣቢያው መለኪያ ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ በእጅ አንጓ ከሚታሰረው ይልቅም የክንዱ ይመረጣል። ከባዱ ጥያቄ ዋጋው ነው፤ ገበሬው ለብቻው አይገዛውም። የቀበሌው ጤና ኬላ አንድ መሣሪያ፣ ለወፍራምና ለቀጭን ክንድ የሚሆኑ ጨርቆች፣ መለዋወጫ ባትሪም ቢኖሩት ግን የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ይዛው ትሄዳለች። በጤና ጣቢያ 140/90 የሚባለው ወሰን በቤት ልኬት 135/85 መሆኑንም ከመሣሪያው ጋር መማር ይኖርባታል።