ስለ ስፖርት ቡድን ባንዲራዎችና ስለ «ካፋ» ስም

የአንድን አገር ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በብራና፣ በሐውልትና በማኅተም ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብራና ያልተጻፈላቸው፣ ሐውልትም ያልቆመላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ የእነርሱን ታሪክ የሚመሰክሩት በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሏቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፣ ከእግር ኳስ ግጥሚያ በፊት የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች የሚለዋወጡት፣ ወደ ታች እየሾለ የሚሄደው ትንሽ የጨርቅ ባንዲራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው የእንዲህ ያለው ባንዲራ ዘመንና ባለቤት እንዴት እንደሚለይ፣ ይልቁንም «ካፋ» የሚለው ስም ሲገኝበት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ነው።

ሾጣጣ ባንዲራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ በአንድነት ከመገጣጠማቸው በፊት እየራሳቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ሆነው ይውለበለቡ ነበር፤ ሦስቱ ባንድ ተሰፍተው ባለ አራት ማዕዘን ሰንደቅ ዓላማ የሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ ተማርከው አገሪቱ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ለካፋ ሰው የባንዲራው አንድ መሆንና የጥንቱ መንግሥት ማለፍ የአንድ ዓመት ታሪክ ናቸው።

በባሕር ማዶ የስፖርት ባንዲራ መሰብሰብ ብዙ ሰዎች የሚተጉበት ሥራ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የትምህርት ቤቱን ስም የያዘ ረጅም ሾጣጣ ባንዲራ በመኝታ ክፍሉ ይሰቅላል። ሰብሳቢዎችም ዘመኑን ከአሠራሩ ይለያሉ፤ ከቀድሞዎቹ ብዙዎቹ ፊደላቸው ከሱፍ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ሲሆን፣ የኋለኞቹ በቀለም የታተመ ነው፤ ሱፉም ውሎ አድሮ ለሰው ሠራሽ ጨርቅ ቦታውን ለቋል። የእግር ኳሱ ልማድ ግን ከዚህ ይለያል። አምበሎች የሚለዋወጡት ባንዲራ የሚሰጥ እንጂ የሚቀር አይደለም፤ በአንድ የቀድሞ ተጫዋች ቤት ተሰቅሎ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ የራሱ ቡድን ሳይሆን የተጋጣሚው ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰብሳቢ ባንዲራው የተገኘበትን ከተማ የባንዲራው አገር አድርጎ ይመዘግባል፤ በዚህም የእንግዳውን ታሪክ ለባለቤቱ፣ የባለቤቱን ለእንግዳው ይሰጣል።

በአገራችን ባንዲራዎች ላይ ሊመረመሩ ከሚገባቸው ምልክቶች የመጀመሪያው የዓመቱ ቁጥር ነው። ለምሳሌ የአፍሪካ ዋንጫ መታሰቢያ በሆነ አንድ ባንዲራ ላይ «1968» የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ ቁጥሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ በአዲስ አበባና በአሥመራ የተደረገውን ስድስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ያመለክታል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 1960 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተደረገው ዐሥረኛው ዋንጫ ይሆናል፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የዋለው ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ዋንጫዎችን፣ ሁለት መንግሥታትንም ያመለክታል ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ዘውዱ ወርዷልና። እንደዚሁም «1962» የሚለው ቁጥር ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለበትን ዓመት ሊያመለክት ይችላል፤ ወይም ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል የዘገየውን 1962 ዓ.ም.።

እንዲህ ያለውን ጥርጥር የሚፈታው ሁለተኛው ምልክት ዓርማው ነው። ዘውድ የደፋና መስቀል ያለበትን ዘንግ የያዘ አንበሳ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምልክት ነው። በሰንደቅ ዓላማው መካከል በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ኮከብ ደግሞ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው።

ሦስተኛው ምልክት የቡድኑ ስም ነው፤ ይሁን እንጂ ስም ብቻውን አይታመንም። የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል፣ ኋላ ምድር ጦር፣ ከዚያም መከላከያ ተብሎ፣ በቅርብ ዓመታት ወደ መቻልነቱ ተመልሷል፤ ስለዚህ «መቻል» የሚል ባንዲራ የአያት ወይም የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። «ቡና» የሚለውም ቃል እንዲሁ ያሳስታል። የአዲስ አበባው ኢትዮጵያ ቡና ቀድሞ ቡና ገበያ ይባል ነበር፤ ጅማ አባ ቡና አለው፤ ቦንጋም ካፋ ቡና አላት። የተቀደደ ባንዲራ ላይ «ቡና» የሚለው ቃል ብቻ ቢተርፍ ከእነዚህ የማንኛው እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ አይናገርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን «ካፋ» የሚለው ስም ነው። የዛሬ አንባቢ ይህን ስም ሲያይ ወዲያው ቦንጋን ያስባል። ዳሩ ግን ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በተደረገው የአስተዳደር አከፋፈል ካፋ የጠቅላይ ግዛት ስም ሆነ፤ የጠቅላይ ግዛቱም ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። በዚሁ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ደግሞ ካፋ የሚባል አውራጃ ነበረ፤ የአውራጃውም ከተማ ቦንጋ ነበረች። ስለዚህ በዚያ ዘመን «የካፋ ቡድን» የተባለው የጅማ ልጆች ስብስብ ሊሆን ይችላል፤ የቦንጋ ልጆችም በዚያ ስም ሥር ተጫውተው ስማቸው ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ የሚረዳን ከስሙ ጋር ተያይዞ የተጻፈው ቃል ነው። «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ከአብዮቱ በፊት፣ «ክፍለ ሀገር» የሚለው ከአብዮቱ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ቃላት ሰፊውን ካፋ፣ ጅማ ያለችበትን፣ ያመለክታሉ። «አውራጃ» የሚል ከተገኘ ወደ ቦንጋ ቀርበናል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጅማ በኦሮሚያ፣ ቦንጋ በደቡብ ክልል ሆኑ፤ «ከፊቾ ሸኪቾ ዞን» የሚለው ስም ካፋና ሸካ ገና ሳይለያዩ የነበረውን ጊዜ ያሳያል። «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ክልሉ ከተመሠረተበት ከ2014 ዓ.ም. አይቀድምም። በካፊ ኖኖ ቋንቋ በላቲን ፊደል የተጻፈ ቃልም የቅርብ ዘመን ምልክት ነው። «ካፋ» ወይም «ከፋ» ተብሎ መጻፉ ግን ዘመን አይለይም፤ ሁለቱም አጻጻፎች ሲሠራባቸው ኖረዋልና።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ወደ ካፋ የመጣው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ አገሩ ሕዝብና ስለ ነገሥታቱ ሥርዐት የሰበሰበውን በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳትሟል፤ ጽሑፉ ዛሬም ይመረመራል። የነገሥታቱ ክብር እንዲህ ጸሐፊ አገኘ። ከቦንጋ በእግራቸውና በጭነት መኪና ተጉዘው ለአውራጃቸው የተጫወቱት ወጣቶች ግን ቢበር የላቸውም። ያላቸው ምስክር ያ ባንዲራና የራሳቸው ትዝታ ነው። ሁለቱም በፍጥነት ያልፋሉ፤ ዝናብ በማይለየው በካፋ ደጋ እርጥበት ጨርቁን ያሻግተዋል፣ ብል ይበላዋል፣ ጢስ ያጠቁረዋል፤ ሰዎቹም አርጅተዋል።

ስለዚህ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ባንዲራውን ከግድግዳ ከማውረዱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ከማን ተቀበሉት? በየትኛው ሜዳ? ከማን ጋር በተደረገ ግጥሚያ? ያን ቀን አምበሉ ማን ነበር? መልሱንም በባለቤቱ ቃል፣ በተሰማበት ቋንቋ ይጻፍ። ጨርቁን አይጠበው፤ ያረጀውን ዘርፍ አይቁረጠው፤ ከፀሐይ ርቆ፣ ሳይታጠፍ፣ በደረቅ ስፍራ ያኑረው። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከጀርባው ያለው ስፌት ከፊት ካለው ጽሕፈት ይልቅ የሚናገርበት ጊዜ አለና። ባለቤቱ ለመስጠት ካልፈቀደም ፎቶግራፉና ቃሉ ይበቃሉ፤ ጨርቁ በቤቱ ይኑር።

ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፤ በአዲስ አበባም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለ። በእነዚህ ዘንድ ለዘውድና ለጋሻ የሚሰጠው የመዝገብ ቁጥር ለቡድን ባንዲራም ቢሰጥ ክብራቸው አይጎድልም። ቁጥሩ ሲሰጥ ግን ከጎኑ «ካፋ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ የትኛው ካፋ፣ በየትኛው ዘመን፣ የማን ልጆች እንደ ነበሩ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ካልተጻፈ ጨርቁ ይተርፍና ልጆቹ ይጠፋሉ።