«ባለጌ» ያልናቸው ልጆች

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ከቢስቲማ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ የድሮ ተማሪዬን አገኘሁት። አሁን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው አምስት ደቂቃ ተረጋግቶ የማይቀመጥ፣ በየቀኑ እስክሪብቶ የሚጥል፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ የሚመልስ ልጅ ነበር። ስንት ቀን አንበርክኬዋለሁ! ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ጀምሮ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። አንቀጹን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኤዲኤችዲ ስለሚባለው፣ ስለ ትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። (ልጁ ይህ ይኑርበት አይኑርበት እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አልፈርድም።)

እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ንግግር አደረገ። እኛ ጋ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሊከፈት ገና 6 ዓመት ይቀረው ነበር። ስቲል የማሰብ ችሎታቸው ደህና የሆነ፣ ግን ራሳቸውን መግታት ያቃታቸው፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቅጣትም የማይመልሳቸው ልጆች አይቻለሁ አለ። ቅጣት እንደማይሠራ ያኔውኑ አይቶታል! የሰጠው ስም ግን የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት የሚል ነበር። በእኛ አፍ ሲባል «ባለጌ» ማለት ነው እንግዲህ።

በ1937 ደግሞ አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ፣ ቻርልስ ብራድሊ የሚባል ሐኪም ለ30 ልጆች ቤንዜድሪን የተባለ መድኃኒት ሰጠ። መጀመሪያ ያሰበው ለራስ ምታት ነበር። ያልጠበቀው ነገር ግን ብዙዎቹ ረጋ ብለው ትምህርታቸውን መሥራት መጀመራቸው ነው። የሚያነቃቃ መድኃኒት የሚቅበጠበጥን ልጅ ያረጋጋል ብሎ ማን ያስባል?

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ በ1968 በስሙ ውስጥ መቅበጥበጡን ብቻ አነሳ። ትኩረት የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ችግሩ መሯሯጥ ብቻ ነው ከተባለ ከኋላ ወንበር በዝምታ መስኮት የምታየዋን ልጅ ማን ይቆጥራታል? እሷን እኛ «ፈዛዛ» ብለን አልፈናታል። ክፍል ስለማትረብሽ ስሟ ለዩኒት ሊደር አይደርስም፣ ወላጅ አምጪም አትባልም። ቤት ስትገባ ደግሞ ወጡ ሲያርባት፣ የተላከችበትን ስትረሳ «ልብሽን የት ጥለሽው ነው?» ትባላለች። እሷም አንድ ቀን ልቤ የለም ብላ ታምናለች።

ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው የምትሉኝ አትጠፉም። የሀገራችን ተመራማሪዎች ቡታጅራ ላይ የገጠር ልጆችን አጥንተው በ2001 (ይሄም እ.ኤ.አ.) ሲያሳትሙ ይኼው ችግር ካገኟቸው አንዱ ነበር። ቡታጅራም እንደኛው ልጅ ከብት ጠብቆ የሚማርበት አገር ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። ሻይ ይዘን ተቀመጥንና እንደምንም ብዬ ስለ ማንበርከኩ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀ። «አብሽር ቲቸር፣ እሱንማ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ እጁ ላይ ያለውን ግሪስ በጨርቅ እየጠረገ፣ የቡድን ሥራውን ታስታውሰዋለህ ወይ አለኝ። በቃ ራሳችሁ ተቧደኑ ያልኩ ቀን ነው። ሁሉም ጓደኛ ጓደኛውን ይዞ ተቀመጠ። እሱ ሦስት ዴስክ ዞሮ «አንተ ትረብሸናለህ» ተባለ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ አብሮት ኳስ የሚጫወተው፣ ደብተሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ «ተይዟል» ብሎታል።

«እስኪደወል ቆሜ ነበር ቲቸር፤ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬህ ሂድ አልከኝ፣ አልተመለስኩም» አለኝ።

እኔ ያን ቀን ክፍሉ ጸጥ አለልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።