የፈራን ልጅ የሚያረጋጋ መጽሐፍ፦ ከሊሙ እናርያ የተነሣ ታሪክ

ሕፃናት ድንጋጤንና ሥጋትን እንዴት እንደሚቋቋሙ፣ ቁጣ ሲያይልባቸው ትንፋሻቸውን እያዳመጡ ቀልባቸውን እንዴት እንደሚሰበስቡ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ባለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት በዓለም ገበያ በብዛት ወጥተዋል። ዘዴው ከአዋቂዎች ሕክምና የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የቡድሃውያንን የተመስጦ ልምድ መነሻ አድርጎ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕመምተኞች የጭንቀት ማቅለያ ትምህርት ከፈተ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሆላንዳዊቷ ኤሊን ስኔል ልጆች እንደ እንቁራሪት ጸጥ ብለው ተቀምጠው ስሜታቸውን እንዲያስተውሉ የሚያለማምድ መጽሐፍ አወጣች፤ መጽሐፉም በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ እንደ አዲስ ግኝት መታየቱ አይቀርም። ነገር ግን ለልጅ የሚሆነውን የቃል ሀብት ሰብስቦ በመጽሐፍ የማኖሩ ሥራ በዚህ አገር የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩም የሚነሣው ከማንም በላይ መረጋጋት ያስፈልጋቸው ከነበሩ ሕፃናት፣ ከቡናው አገር ተይዘው ወደ ባሕር ከተነዱት ዘንድ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በጊቤ አካባቢ አምስት መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። ከመካከላቸው ሊሙ እናርያ በአባ ባጊቦ ዘመን፣ ከ1825 እስከ 1861፣ የበላይነቱን ይዞ ነበር። የገበያ ከተማው ሳቃ የሩቅ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች፤ በኋላ የንግዱ እምብርት ወደ ጅማ፣ ወደ ሂርማታ ገበያ ዞረ። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ከዚህ አገር እየተጫነ ይወጣ ነበር። የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር፤ ከሚሸጡትም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ስለ ሲራራ ንግድ ሲጻፍ የዝባዱ ክብደትና የአሞሌው ምንዛሪ በዝርዝር ይቀርባል፤ የሕፃኑ ፍርሃት ግን ሚዛን ስላልተገኘለት ከመዝገብ ውጭ ቀርቷል።

ከነዚህ ሕፃናት አንዷ አስቴር ጋኖ ነበረች። በ1872 ገደማ ነፃ ተወልዳ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረገች። በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ለሽያጭ የሚወስዳትን ጀልባ የኢጣሊያ መርከቦች ባሕር ላይ ያዙት፤ እሷም ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ ባለው በኢምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተጠለለች። ዕድሜዋ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ቢሆን ነው። እዚያ ያገኘችው ኦነሲሞስ ነሲብ ዛሬም በቡናው በሚታወቀው በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አቅራቢያ የተወለደ ሲሆን እሱም በሕፃንነቱ ተፈንግሎ የተሸጠ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። የልጅነት ስሙ ሂካ ይባላል፤ ትርጉሙ አስተርጓሚ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እዚህ ላይ ደርሷል።

ኦነሲሞስ የአስቴርን ችሎታ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተመደበች፤ የቃላቱም ስብስብ በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ዋለ። ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋናው ሌላው ሥራዋ ነው። አስቴር በሕዝቡ ዘንድ በቃል የሚነገሩ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች። ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባብያን በተዘጋጀው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ታተሙ። በ1899 የታተመው ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሁለቱም የድካም ፍሬ ቢሆንም የተርጓሚነቱ ዝና በአብዛኛው ለኦነሲሞስ ብቻ መሰጠቱ ፍትሐዊ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ከቤቷ ተነጥቃ፣ ተሸጣ፣ ቀይ ባሕር ላይ የተገኘች ልጅ ብዕር ሲሰጣት ከጻፈቻቸው ነገሮች መካከል እንቆቅልሽ መኖሩ ተራ ነገር አይደለም። እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለው፣ የሠርክ ጨዋታ ነው። እሳት ዳር ወይም ቡና እየተቆላ ይባላል። ጠያቂው ሲጠይቅ ልጁ ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ትቶ በአንድ ነገር ላይ ማተኮር አለበት፤ ቀኑን ሲያስፈራራው የዋለ ጅብም ሆነ የእንጀራ እናት ቁጣ ለጊዜው ከልቡ ይወጣል። በአማርኛው ልማድ የተሸነፈው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር እስኪሰጥ ድረስ መልሱ አይነገረውም። አገሩን ለተነጠቀ ልጅ ይህ ጨዋታ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። የዛሬዎቹ ሥዕላዊ መጻሕፍት ቀልብን መሰብሰብ የሚሉት ልምምድ፣ ስሙ ባይጠራም፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ነበረ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ይህኛው የሚካሄደው ለብቻ ዐይን ጨፍኖ ሳይሆን ከሌሎች ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ መሆኑ ነው፤ ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም።

ነፃ የወጡት ሁሉ በኢምኩሉ አልተጠለሉም። በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሦስት ጀልባዎችን ይዛ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የኦሮሞ ተወላጆችን ወደ ኤደን ወሰደች፤ የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። ከነሱ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪቃ ወደሚገኘው ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ልጆቹ እንዴት እንደ ተያዙ፣ በማን እጅ እንዳለፉ አንድ በአንድ ተጠይቀው ቃላቸው ተመዘገበ፤ ታሪክ ጸሐፊዋ ሳንድራ ሮውልት ሼልም በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ መዝገብ ተንትናዋለች። ከልጆቹ መካከል ቢሾ ጃርሳ የተባለችው እዚያው ቀርታ ወለደች፤ የልጅ ልጇ በሮበን ደሴት ዐሥር ዓመት የታሰረው ኔቪል አሌክሳንደር ነው። እሱም በ1992 በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ተቋም ሕፃናት በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያነቧቸው የተረት መጻሕፍት እንዲስፋፉ ሲታገል ቆይቶ በ2015 ስዊድን የምትሰጠውን ታላቁን የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ የአስትሪድ ሊንድግሬንን፣ አገኘ። አሌክሳንደር ግን በ2012 ዐርፎ ስለነበር ይህን አላየም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ተረት ባለሥዕል መጽሐፍ ሆኖ የወጣበት መንገድ ረጅምና ዙሪያ ጥምጥም ነበር። በ1950 ሃሮልድ ኩርላንደርና የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የሰበሰቧቸው የኢትዮጵያ ተረቶች በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ታተሙ። መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ብዙው አንባቢ ከሚያውቀው ተረት ነው፤ አንድ አገልጋይ ከጌታው ጋር ተወራርዶ በብርዳም ተራራ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ያድራል፤ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ በሌላ ኮረብታ ላይ እሳት ያነድለታል፤ እሱም ዐይኑን ከእሳቱ ሳይነቅል፣ ሙቀቱን በልቡ እያሰበ ይነጋለታል። ዳኛው እሳት ማየት እንደ መሞቅ ይቆጠራል ብሎ ሲፈርድበት፣ አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተተ ያስቀምጣቸዋል። ተረቱ ብዙ ጊዜ ስለ ፍትሕ እንደሚናገር ብቻ ይወሰዳል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ከችሎቱ በፊት ያለው ሌሊት መዘለል የለበትም። አገልጋዩ ብርዱን አላጠፋውም፤ ሐሳቡን በአንድ የብርሃን ነጥብ ላይ አሳርፎ ቻለው። በዛሬው አጠራር ጭንቀትን መቋቋም የሚባለው ከዚህ የተለየ አይደለም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ኩርትዝ ይህንኑ ተረት በ1994 ከሠዓሊው ኢ. ቢ. ልዊስ ጋር የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ አደረገችው። በተከታዩ ዓመት የወጣው ሌላው መጽሐፏ የእንጀራ እናቷን ፍቅር የምትሻ ልጅ ወደ አንበሳ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየቀረበች ትዕግሥትን ስለ መማሯ ያወሳል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ተጽፈው ኒው ዮርክ ታተሙ። በ2002 ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የሞኙን ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተመ፤ በተከታዩም ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በዚያ ላይ ለአራት ዐሥርተ ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ያወሩት የተስፋዬ ሣህሉ፣ የአባባ ተስፋዬ፣ ውለታ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ የሩቁ እሳት እሳቸው ነበሩ።

የጅማና የሊሙ ልጅ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ሌላ እንቅፋት ነበረበት፤ የቋንቋና የፊደል ጉዳይ። በዘውዱ ዘመን ኦሮምኛ ከትምህርት ቤት ውጭ ተደርጎ ስለነበር የ1894ቱ መጽሐፍ ለተጻፈላቸው ልጆች ተማሪ ቤት ሳይገባ ቀረ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኦሮምኛ አንዱ ሆነ፤ የተጻፈውም እንደ አስቴር ዘመን በግዕዝ ፊደል ነበር። በማሳቹሴትስ ሕመምተኞች ትንፋሻቸውን ማዳመጥ በጀመሩበት በዚያው ዓመት በቡናው አገር ገበሬዎች ፊደል ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። በ1991 ለኦሮምኛ የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ተመረጠ፤ የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲም አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። የሊሙ ገነት ልጅ በራሱ ቋንቋ ማንበብ ቻለ። በቁቤ ብቻ ላነበበው ልጅ ግን የአስቴር መጽሐፍ በማያውቀው ፊደል የተጻፈ ሆነበት።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሕፃናት ጭንቀት የመንግሥታት መነጋገሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች ረድኤት ሰጪዎች የተባበሩበት ኮሚቴ በሄለን ፓተክ ተጽፎ የተሣለ አንድ የሕፃናት መጽሐፍ አወጣ። ከ104 አገሮች ከ1,700 የሚበልጡ ልጆች፣ ወላጆችና መምህራን ሐሳብ ሰጥተውበታል፤ አማርኛን ጨምሮ ከመቶ በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። ሣራ የተባለች ልጅ አሪዮ በሚባል የሚበር ፍጡር ጀርባ ላይ ሆና የተለያዩ አገሮችን ልጆች ትጎበኛለች፤ የፈራ ልጅ በሐሳቡ ውስጥ ደኅንነት የሚሰማውን ቦታ እንዲፈልግም ትማራለች። በጎ ሥራ ነው፤ ፍጥነቱም ያስመሰግናል። ነገር ግን ለመቶ አገር የተሣለ ሥዕል የማንንም ደጃፍ በትክክል አያሳይም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየም ባልደረቦቻቸው ጋር በ2016 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። የሕፃናትን ዕድገት ለመለካት በዴንቨር ከተማ የተሠራውን መመዘኛ ወደ ጅማ ሲያመጡት ከጥያቄዎቹ በርካታዎቹን ከአካባቢው ልጆች ኑሮ ጋር እንዲስማሙ መለወጥ ግድ ሆኖባቸዋል። በ2018 ደግሞ በከፋ ድህነት ለሚኖሩ የጅማ ሕፃናት በየቤታቸው በጨዋታ የታገዘ ድጋፍ ሰጥተው ውጤቱን ለክተዋል። መለኪያው ካልተለወጠ ልጁ ሳይታይ ይቀራል፤ ለሥዕል መጽሐፍም ያው ነው።

የቡናው አገር ልጅ የሚፈራው ነገር የራሱ መልክ አለው። በሐምሌ 1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የሽያጭ ኮታ ሲፈርስ ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ፤ ልጁ ስለ ስምምነቱ ባይሰማም የአባቱን ዝምታ ግን ያያል። እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ሲመለስ ጓደኞቹ ገጽ ዘልለው ያገኛቸዋል። ከዝናቡ ጋር እየተሽቀዳደመ የተሰጣውን ጀንፈል ይሰበስባል። ሠዓሊ ይህን ለመሣል ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የወንዛው ጥላ፣ የአጋሮ ገበያ የቡና ሚዛን፣ የጭሱ ጠረን፣ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ሳይነሡ የሚቀመጡ ጎረቤቶች በእጁ ናቸው። ጽሑፉም ከባዶ አይጀምርም።

አስቴር ከኦነሲሞስና ከሌሎች ወገኖቿ ጋር በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ ሕፃናትን አስተማረች። በ1964 ስታርፍ ዕድሜዋ ዘጠና ገብቶ ነበር። ከጻፈቻቸው ተረቶችና እንቆቅልሾች በመማሪያው መጽሐፍ ያልገቡት በስዊድናውያን ቤተሰብ እጅ በብራና ሳይሆን በተራ ወረቀት ተጠብቀው ለረጅም ዘመን ሳይታተሙ ቆዩ።