ወባ የለብህም ከተባለ በኋላ

ስሙኝማ ወገኖቼ! ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ እስከ ኦሞ ሸለቆ የሚወስዳችሁ፣ ከአያቶቻችን ዘመን ተነስቶ ዛሬ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ የሚያደርሳችሁ የትኩሳት ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ጠጋ በሉና አድምጡኝ።

የጋሞ ደገኛ ቆላውን ድሮም ይፈራው ነበር። ከጨንቻና ከዶርዜ ቁልቁል ሲያዩት ጫሞና አባያ ጎን ለጎን ተኝተው ያማልላሉ፤ ወርዶ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ያደረ ሰው ከቀናት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። ስለዚህ በቆላው ምድር ትኩሳት ማለት ወባ ማለት ሆኖ ኖረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ በየቤቱ መድኃኒት ሲረጭ፣ አርባ ምንጭም ገና አዲስ ከተማ ሆና ስትቆረቆር፣ የሰዉ ሁሉ ዓይን ወባ ላይ ነበር። መሆኑም ትክክል ነበር፤ ወባ ገዳይ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ ትኩሳት በወባ ጥላ ሥር ተደብቆ ይመጣ ነበር።

ዘመኑ 1953 ዓ.ም. ነው። በኦሞ ወንዝ ሸለቆ ሰው መታመም ጀመረ። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ወገቡን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቀዋል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል፤ በሽተኛው ቀና ብሎ ውሃ ይጠጣል። ብዙዎቹ በዚያው ድነው ይቀራሉ። ከፊሎቹ ላይ ግን በማግስቱ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ከድዳቸው ደም ይወጣል፣ የሚያስመልሱት ይጠቁራል፣ ሽንታቸው ይነጥፋል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት መካከል ግማሽ ያህሉ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታሉ።

ይህ ቢጫ ወባ ነው። እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 100 ሺህ የሚሆን ሰው ታሞ፣ 30 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ወገኖቼ፣ አፍሪካ በዚህ በሽታ ከደረሰባት እልቂት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ የተመዘገበው ይኸው የእኛው ነው። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ታዲያ በሽታው ከየት መጣ? ያኔ አዲስ አበባ ጉለሌ የነበረው የፓስተር ተቋም፣ ዛሬም ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ግቢ፣ ተመራማሪዎቹን ወደ ሥፍራው ላከ። ከእነሱ መካከል ሴርዬና ባልደረቦቹ ጫካውን አሰሱ፣ የዝንጀሮና የጉሬዛ ደም መረመሩ፣ ቢምቢ ለቀሙ። በኋላም በ1960 ዓ.ም. ገደማ ያገኙትን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አሳተሙ። ቫይረሱ በጫካ ውስጥ ከዝንጀሮ ወደ ዝንጀሮ በቢምቢ ሲዘዋወር ይኖራል። ከጫካ ወደ ሰው ደጅ የሚያሻግረው ድልድይ ደግሞ በጓሯችን ነበር።

እስቲ አንድ የእንሰት ተክል አጠገብ ቁሙ። ሰፊው ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበትን ብብት በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ዝናብ ከዘነበ ቀናት ቢያልፉም አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ ቁጭ ብሎ ታገኛላችሁ። ብርሃን ሲነካው ውስጡ ይርመሰመሳል፤ ክር የመሰሉ እጮች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይሸሻሉ። ኤደስ ሲምፕሶኒ የሚሏት ቢምቢ የምትፈለፈለው እዚህ ነው። በጎደሬውና በሙዙ ብብት ውስጥም ትራባለች። ቆጮ የሚያበላን፣ በድርቅ ዘመን ነፍስ ያተረፈልን ተክል ጥፋት የለበትም። ቤታችን በእንሰት የተከበበ ስለሆነ ግን ቢምቢዋ ከደጃችን ሳትርቅ ከሰው ወደ ሰው መመላለስ ቻለች።

ወረርሽኙን ለማቆም የተያዘው መሣሪያ ክትባት ነበር። በሽታው በገባበት አካባቢ ሕዝቡ ተከተበ። ያልገባበት አካባቢ ግን ሳይከተብ ቀረ። አርባ ምንጭ አካባቢ ከቀሩት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በሽታው ተመልሶ እዚሁ አርባ ምንጭ ዘንድ ተቀሰቀሰ፤ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ የሞተው በመቶዎች ይቆጠራል። ያለፈው ወረርሽኝ ያልነካው ሕዝብ ለመጪው እንደተጋለጠ የምንማረው በራሳችን ቤት ነው።

ከዚያ በሽታው ዝም አለ። አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ያዩት አረጁ፣ ያስታወሱት አለፉ፣ ሐኪሙም በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው በሽታ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ብቅ አለ፤ ከ500 ሺህ በላይ ሰው በዘመቻ ተከተበ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጎረቤታችን በወላይታ፣ ኦፋ ወረዳ፣ 35 ሰዎች ተጠርጥረው 10 ሞቱ። የደም ናሙናው ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ዳካር ተጉዞ ነው ስሙ የተረጋገጠው።

በመካከሉ ሌሎች ቫይረሶችም መጡ። በ2006 ዓ.ም. መባቻ ድሬዳዋ በደንጊ ትኩሳት ተመታች፤ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ድሬዳዋ ቺኩንጉንያ መጣና መገጣጠሚያ አላላውስ የሚል ቁርጥማት በአሥር ሺዎች ላይ አወረደ። በ2015 ዓ.ም. ደንጊ አፋር ገባ። «ይህ የድሬዳዋ ነው፣ የበረሃ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። አርባ ምንጭ አካባቢ ተመራማሪዎች ትኩሳት ይዟቸው መጥተው ወባ ያልተገኘባቸውን ሕሙማን ደም መርምረዋል። ጥቂት በማይባሉት ዘንድ ሰውነት ለደንጊ የሚያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ወረርሽኝ ተብሎ ሳይታወጅ፣ ትኩሳቱ በየጤና ተቋሙ ወረፋ መካከል ተሰልፎ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ዓሣ አስጋሪ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። ከጫሞ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ እያወጣ ልጆቹን ያሳድጋል። ድንገት አተኮሰው፤ ከዓይኑ ጀርባ ያመዋል፣ አጥንቱ የተሰበረ ይመስለዋል። ጤና ጣቢያ ሄደ። ጣቱን ተወግቶ ጠብታ ደሙ የወባ መመርመሪያው ኪት ላይ አረፈ። አንድ መስመር ብቻ ታየ። «ወባ የለብህም» ተባለ።

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚያቃጥለኝ?»

«ታይፎይድ ሊሆን ይችላል» ይባላል። መድኃኒት ይታዘዝለታል። ቁርጥማቱ አላስቀምጥ ሲለው ደግሞ ከአንዱ ቤት ዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋል፣ ወይም ከሱቅ አስፕሪን ይገዛል። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚፈራው። ሕመሙ ደንጊ ከሆነ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ለሰውነቱ ብዙ ፈሳሽና ዕረፍት ነው የሚበጀው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ በሽተኛውን የሚያድነው ክትትል ነው።

ሁለት የእፎይታ ጊዜያት አሉ፤ ሁለቱም ያታልላሉ። አንደኛው «ወባ የለብህም» የሚለው ቃል ነው። ሁለተኛው ትኩሳቱ የበረደበት ቀን ነው። ቢጫ ወባ ፋታ ሰጥቶ እንደሚመለስ ነግሬያችኋለሁ። ደንጊም የሚከፋው ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ የደሙ ፈሳሽ ከሥሮቹ እየሾለከ ሰውየውን ያዳክመዋል። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ከድዱ ከአፍንጫው ደም ከመጣ፣ ድንዝዝ ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን አትግደሉ።

ቢምቢዋንም እወቋት። የወባዋ በሌሊት ስለምትነክስ አጎበር ይመክታታል። የደንጊዋ፣ እግሯ ነጭ ቀለበት ያለው ጥቁር ቢምቢ፣ በቀን ነው የምትነክሰው፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ውሃ ካጠራቀምንበት በርሜል፣ ክዳን ከሌለው ጀሪካን፣ ከተጣለ ጎማ ውስጥ ትራባለች። እንቁላሏ ደርቆ ወራት ቆይቶ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፤ ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብና መክደን ያስፈልጋል። የአርባ ምንጭ ሰዎች፣ ሲቀላም ሸቻም ያላችሁ፣ ይህን በየሳምንቱ አድርጉት። የቢጫ ወባ ክትባት ዘመቻ በመጣ ጊዜም አትቅሩ፤ አንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል።

ጋሞ ትልቅ ጉዳይ ሲኖረው ዱቡሻ በሚባለው የሕዝብ ሸንጎ ይቀመጣል። ይህም የዱቡሻ ጉዳይ ነው። የጤና ባለሙያው ወባ ያጣበትን ትኩሳት ይመዝግብ፤ በአንድ መንደር ሲበዛበት ለወረዳው ያሳውቅ፤ ወረዳው ናሙና ይላክ፤ የአርባ ምንጩ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪና የአገሪቱ የጤና ኢንስቲትዩት መልሱን ለሕሙማኑ መንደር ያድርሱ። እናንተም «ወባ የለብህም» በተባላችሁ ጊዜ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ሳታገኙም ከወንበሩ አትነሱ። 30 ሺህ ሰው የሞተባት አገር ልጆች ናችሁና ይህን የመጠየቅ መብት አላችሁ።