ገንዘቡ የአንዱ፣ ልፋቱ የሌላው

ሙያና ጉልበት ኖሮት መነሻ ገንዘብ ያጣ ወጣት በየቤታችሁ አለ። ገንዘብ ያለው ዘመድ ደግሞ «ብሰጠውና ቢከስርስ?» ብሎ ይሰጋል። ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። እስቲ ታሪክን እንጠይቅ።

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን ሁለቱ ልጆቻቸው ዐብደላህና ዑበይደላህ ወደ ኢራቅ ዘምተው ነበር። ሲመለሱ የበስራው አስተዳዳሪ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደ መዲና የሚላከውን የሕዝብ ገንዘብ አበደሯቸው። በገንዘቡ የኢራቅ ሸቀጥ ገዝተው መዲና ላይ እንዲሸጡ፣ ዋናውን ለኸሊፋው አስረክበው ትርፉን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ነበር ስምምነቱ። ነገዱ፤ አተረፉም።

ዑመር ግን አቡ ሙሳ ለሠራዊቱ ሁሉ እንዲህ አበድረው እንደሆነ ጠየቁ። አላበደሩም። እንግዲያውስ የኸሊፋው ልጆች በመሆናችሁ ነው ብለው ዋናውንም ትርፉንም እንዲያስረክቡ አዘዟቸው። ዐብደላህ ዝም አሉ። ዑበይደላህ ግን ገንዘቡ ቢጠፋ ኖሮ ዕዳው በእኛ ላይ ነበር ሲሉ ተከራከሩ። በዚህ ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ ነገሩ ቂራድ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ዑመርም ዋናውንና የትርፉን እኩሌታ ወሰዱ፤ ቀሪው እኩሌታ ለልጆቹ ሆነ። ኢማም ማሊክ ይህን በሙወጠእ መዝግበውታል።

ቂራድ ወይም ሙዳረባ ማለት አንዱ ገንዘብ አውጥቶ ሌላው የሚሠራበት ሽርክና ነው። ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ኪሳራ ሲደርስ፣ ሠራተኛው ካላጠፋና ውል ካላፈረሰ፣ ገንዘቡ ከባለገንዘቡ ይጎድላል፤ የሠራተኛውም ልፋት ከንቱ ይቀራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመላካቸው በፊት የኸዲጃን (ረ.ዐ) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም መጓዛቸውን ታስታውሳላችሁ።

በዘመናችንም ሙከራ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጀርመን አገር የተማሩት ግብፃዊው የኢኮኖሚ ምሁር አሕመድ አን-ነጃር፣ ሚት ገምር በምትባል የናይል ደልታ ከተማ ያለ ወለድ የሚሠራ የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። ባንኩ የትንሹን ሰው ቁጠባ ሰብስቦ በትርፍ ተካፋይነት ለሥራ ያውለው ነበር። በ1967 ራሱን ችሎ መቆሙ ቢያከትምም ሐሳቡ አልሞተም።

ዛሬ በካይሮ፣ በሌጎስና በናይሮቢ ባለገንዘቦች ገና ትርፍ ባላዩ ጀማሪ ኩባንያዎች ውስጥ ድርሻ ይገዛሉ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች እንደሚከስሩ ያውቃሉ፤ ተስፋቸው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ይህ ከቀድሞው ሽርክና ጋር ይቀራረባል። አንዳንዱ ውል ግን ወለድ የሚታሰብበት ብድር ነው። ሌላው ኩባንያው ሲሸጥ ባለገንዘቡ ዋናውን ቀድሞ እንዲወስድ ያደርጋል፤ መሥራቹም ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት አብራችሁት ውሉን አንብቡ። ትርፉ እንዴት ይከፈላል? ኪሳራውንስ ማን ይሸከማል? ለወንድማችሁ ልጅ ገንዘብ ስትሰጡም ይህንኑ ራሳችሁን ጠይቁ። ዑመር ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ሳይፈርዱ አላለፉትምና።

ወላሁ አዕለም።