በደወሌ በኩል ያለፈው ቁጥር፦ የቡና ደረጃ አሰጣጥ ታሪክና የነጥቡ ፍርድ

ደወሌ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን አጠገብ፣ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን የምትገኝ ትንሽ የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። ምድሯ ቆላ፣ መሬቷ ድንጋያማ፣ ሀብቷ ግመልና ፍየል ነው፤ የቡና ተክል በዚያ አይበቅልም። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ቡና የሚጻፍ ታሪክ ደወሌን ዘሎ ሊያልፍ አይችልም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው ሀዲድ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ በኩል ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሀዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቀድሞ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ይወርድ የነበረው የሐረርጌ ቡና በፉርጎ ተጭኖ በደወሌ ኬላ ማለፍ ጀመረ።

ቡና ከአገር ሲወጣ ሁለት ቁጥሮች አብረውት ይጓዛሉ። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ጆንያውን ከሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ቁጥር ደረጃው ነው። ይህኛው በኬላ ላይ የሚመረመርበት ሚዛን የለውም። ከዚያ ቀደም ብሎ በድሬዳዋ ወይም በአዲስ አበባ ጥቂት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ አይተው፣ አሽትተውና ቀምሰው የሰጡት ፍርድ ነው። ከኬላው ማዶ ያለው ዓለም ግን ሁለቱን ቁጥሮች በእኩል እምነት ይቀበላቸዋል። ጥያቄውም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ ለመሆኑ ዝቅተኛ ነጥብ የተሰጠው ቡና በእርግጥ ዝቅተኛ ቡና ነውን?

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት ደረጃ መስጠት ለምን እንዳስፈለገ ማስታወስ ይገባል። ብሔራዊ የቡና ቦርድ በ1957 ሲቋቋም የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ የሆነው ቡና ጽዳት የጎደለው ነበር፤ ጠጠር፣ ገለባና ስንጥር የተቀላቀለበት ቡና ወደ ውጭ ከሄደ ደግሞ የሚጎዳው የላከው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ስም ጭምር ነው። ባሕር ማዶ ያለው ገዥ ዕቃውን ሳያይ ገንዘቡን የሚከፍል በመሆኑ፣ ባላየው ነገር የሚተማመንበት አንድ ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱም ጨካኝ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሁሉን የሚያሞግስ መርማሪ ማንንም አላሞገሰም፤ ስለዚህ የደረጃውን ጥብቅነት ብቻ እያነሡ ማማረር ፍሬ ነገሩን መሳት ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከጭነቱ ናሙና ይወሰድና 300 ግራም ተመዝኖ ከጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ከዚያ እንከኑ ይቆጠራል፤ ጥቁር ፍሬ፣ የኮመጠጠ ፍሬ፣ ነቀዝ የበላው፣ ያልበሰለ፣ የተሰበረ፣ እንዲሁም ጠጠርና ገለባ። አንድ ጥቁር ፍሬ ለብቻው አንድ እንከን ሲባል፣ የተሰባበሩ ፍሬዎች ግን በርከት ብለው አንድ እንከን ይሆናሉ። እስከ 3 እንከን የተገኘበት አንደኛ ደረጃ፣ ከ4 እስከ 12 ሁለተኛ፣ ከ13 እስከ 25 ሦስተኛ፣ ከ26 እስከ 45 አራተኛ፣ ከ46 እስከ 100 የተገኘበት አምስተኛ ደረጃ ይባላል። ከዚያ በታች ያለው ለውጭ ገበያ አይቀርብም።

በልኬት ሥራ ላይ የኖረ ሰው ይህን ሠንጠረዥ ሲመለከት ሁለት ነገሮችን ያስተውላል። አንደኛ፣ በ300 ግራም ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ፍሬ አለ። እንከኑ ሁሉ ጥቁር ፍሬ ነው ቢባል እንኳ፣ አምስተኛ የተባለው ቡና ከመቶው ፍሬ ውስጥ ከሁለት እስከ አምስት የሚሆነው ብቻ የተበላሸ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በዛሬው አጫጫን አንድ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል፤ ከጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው 300 ግራም ከዚህ 64,000ኛው እጅ ነው። ናሙናው በጥንቃቄ ከተወሰደ ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የብረትና የሲሚንቶ ፍተሻም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚለየው ግን ቡናው አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። በአንድ ጭነት ውስጥ የመቶ ገበሬ ቡና ተቀላቅሎ ሲገኝ፣ ጥቁሯ ፍሬ የማን እንደሆነች ጠረጴዛው አይናገርም።

በዚህ ቁጥር ብዙ የተጎዳው የጅማ ቡና ነው። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» የሚለው አጠራር የደረጃ ስም መሆኑ ቀርቶ የቡናው የራሱ ስም እስኪመስል ድረስ ለአሥርተ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል። ከዘር፣ ከከፍታ ወይም ከአፈር የመጣ ጉድለት አልነበረም፤ እንዲያውም ቡና በዱር ከሚበቅልባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ያ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ጉዳዩ የለቀማና የአደራረቅ ነበር። ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ በአንድነት ተገፎ በመሬት ላይ ይሰጣል፤ እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ ሲደርቅ ይሻግታል፤ የአፈሩንም ሽታ ይወስዳል። ቀማሹ በሲኒው ውስጥ ያገኘው የአፈር ጣዕም እውነት ነበር፤ የሰጠው አምስትም ትክክል ነበር።

ነገር ግን ትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ጭነቱ ሁሉ በአምስተኛ ዋጋ እንደሚገዛ አስቀድሞ ከታወቀ ቀዩን ብቻ መርጦ የሚለቅም ገበሬ ድካሙን የሚከፍለው አያገኝም፤ ሰብሳቢው ከጎረቤቱ ቡና ጋር ይቀላቅልበታል። በመሆኑም በሚቀጥለው ዓመት እሱም እንደ ጎረቤቱ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ይገፋል፤ ጭነቱም አምስት ያገኛል። እንዲህ ባለ ዑደት ውስጥ ነጥቡ የጉድለቱ መለኪያ ብቻ ሳይሆን የጉድለቱ ምክንያትም ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለምን አምስት እንደተባለ የሚገልጽ ቃል ወደ መንደሩ አለመመለሱ ነው። ተማሪ ፈተና ወድቆ የፈተና ወረቀቱን ባይመለከት የሚሰማውን ያህል ነው።

ይህ ግምት አለመሆኑን ያስመሰከረው በአጋሮ አካባቢ የተፈጸመው ነገር ነው። በ2010 ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ ስሙ በኦሮምኛ ሀብትን ማሻሻል እንደ ማለት ነው። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ባደረገው እርዳታ የቡና ማጠቢያ ተከለ፤ ቀይ ፍሬ ብቻ መቀበልና ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ ያዘ። በ2012 በአዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ቀማሾች የዱሮሚናን ቡና አንደኛ አደረጉት። ገበሬው ያው ነው፤ ተክሉና ኮረብታውም እነዚያው ናቸው። ከአምስተኛ ደረጃ ወደ አፍሪካ አንደኝነት የተሻገረው በሁለት ዓመት ነው። ቀድሞ የተሰጠው አምስት ስለ ጅማ ምድር የተነገረ ፍርድ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

የሐረርጌው ቡና ሌላ ዓይነት ክርክር ያስነሣል፤ ምናልባትም የከረረው ክርክር ይኸኛው ነው። በደወሌ ያለፈው የባቡር ቡና በብዛት እርሱ ነበር፤ የጅማው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ወደ አሰብ ይወርድ ነበርና፣ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ያዞረው ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ነው። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነልጣጩ የሚደርቅ በመሆኑ፣ በጣዕሙ ውስጥ የወይን ጠጅና የዱር እንጆሪ ጠረን ይሰማል። በታጠበ ቡና ሥርዓት የሠለጠነ ቀማሽ ይህን «የቦካ» ብሎ ነጥብ ይቀንስበታል። ሌላው፣ በተለይ የቀድሞውን የሞካ ቡና ጣዕም የሚወድ፣ ያንኑ ጠረን ስለሚፈልግ ብቻ ዋጋ ይጨምርለታል። የሐረር ቡና በአብዛኛው በአራተኛና በአምስተኛ ደረጃ ተመድቦ እየተሸጠ፣ አምስተኛ ከተባለው ከጅማው ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ ሲያወጣ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ አምስት ከሌላው አምስት የሚበልጥ ከሆነ ቁጥሩ አንድ ነገር ሳይናገር ቀርቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ የደወሌ መንገደኛ አለ፤ ጫት። ከሐረርጌ ወደ ጅቡቲ በየቀኑ ሲሄድ ቀማሽ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ገዥው በዚያው ዕለት በእጁ ዳስሶ፣ በዓይኑ አይቶ ይፈርድበታል፤ የተሰጠው ዋጋ ራሱ ነጥቡ ነው። ቡና ወራት የሚጓዝ ዕቃ በመሆኑ ይህ ዕድል የለውም።

በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋምና የቡናው ግብይት ወደዚያ ሲዛወር፣ ነጥቡ ከመቶ የሚታሰብ ሆነ፤ 40 ለጥሬው ፍሬ መልክ፣ 60 ለሲኒው ጣዕም። ይህ ከቆጠራ ብቻ የተሻለ ነበር፤ በእንከን ብቻ የተመዘነ ቡና ጣዕሙ ምንም ቢሆን ማንም አይጠይቅለትም ነበርና። ሆኖም ተመሳሳይ ነጥብ ያገኙ ጭነቶች በአንድ መጋዘን ተደባልቀው በደረጃቸው ብቻ ስለሚሸጡ፣ ቡናው የመጣበት መንደር ስም ጠፋ። ቁጥሩ የቡናው መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ ከቡናው የቀረው ማንነት እርሱ ብቻ ሆነ። የውጭ ገዥዎች አጥብቀው ካማረሩ በኋላ ነው ለየት ላለ ቡና የተለየ መንገድ የተከፈተው፤ በ2017 በተደረገው ማሻሻያም ምንጩን የሚገልጽ ሽያጭ በሰፊው ተፈቀደ።

በዓለም ላይ ደግሞ ሌላ መቶ ነጥብ አለ። የልዩ ቡና ማኅበር በ2004 ባወጣው ቅጽ፣ አሥር ባሕርያት እያንዳንዳቸው ከአሥር ይመዘናሉ። በሥራ ላይ ሲታይ ግን መስፈሪያው ከዜሮ አይጀምርም፤ 6 «ጥሩ»፣ 7 «በጣም ጥሩ»፣ 8 «እጅግ ጥሩ»፣ 9 «የላቀ» ይባላል። በዚህም የተነሣ ቡናዎች ሁሉ በጠባብ ሥፍራ ይጨናነቃሉ፤ 80 ያገኘ «ልዩ ቡና» ሲባል 79.75 ያገኘው አይባልም። ሩብ ነጥብ የሰው ምላስ ለይቶ ሊያውቀው የሚችለው መጠን መሆኑ ያጠራጥራል፤ በውል ወረቀት ላይ ግን ብዙ ገንዘብ ነው። ነገሩ የቡና ብቻም አይደለም። በ2010 ፎልአውት ኒው ቬጋስ የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የሠራው የአሜሪካ ድርጅት፣ የተቺዎች አማካይ ነጥብ 85 ከደረሰ ተጨማሪ ክፍያ ሊያገኝ ተዋውሎ ነበር፤ የተገኘው 84 ነው። ክፍያው መቅረቱን ከሠራተኞቹ አንዱ በ2012 በአደባባይ ተናግሯል። ተቺዎቹ በየበኩላቸው የጻፉት አስተያየት እንጂ ውል አልነበረም።

ከፍ ያለው ጫፍም ይታወቃል። በ2020 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ውድድር፣ በሲዳማ የበንሳው ገበሬ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና 91.04 አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ በጨረታውም በአንድ ፓውንድ 185.10 ዶላር፣ ማለትም በኪሎ 408 ዶላር ያህል ተሸጠ። ናሙናው ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ተለይቶ በተደጋጋሚ የተቀመሰ ነው። ይህን ነጥብ ከ«ጅማ 5» ነጥብ የሚለየው ከፍ ማለቱ ብቻ አይደለም። ማስታወሻው ጣዕሙን በቃላት ይዘረዝራል፤ ነጥቡም ወደ አንድ ሰው እርሻ ይመለሳል። ገበሬው ስለ የትኛው ሥራው እንደተመሰገነ ያውቃል።

ነጥብ ሰጪዎቹ ራሳቸውም ጉድለቱን ሳይመለከቱት አልቀሩም። የልዩ ቡና ማኅበር የ2004ቱን ቅጽ በመተው ከ2023 ጀምሮ አዲስ አሠራር አምጥቷል። በአዲሱ አሠራር «በሲኒው ውስጥ ምን አለ» የሚለውና «ቀማሹ ወደደው ወይስ አልወደደውም» የሚለው በሁለት ልዩ ልዩ ወረቀቶች ላይ ይጻፋሉ። የሐረርን ቡና የቦካ ያለውና እንጆሪ የሸተተው ቀማሾች በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሊስማሙ ይችላሉ ማለት ነው፤ የሚለያዩት በሁለተኛው ነው። ይህ መለያየት ቀድሞ ቢደረግ ኖሮ የሐረርጌ ገበሬ ምን ያህል ይጠቀም እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ዛሬ በደወሌ የሚያልፈው ሀዲድ ሌላ ነው። አንድ ሜትር ስፋት የነበረው አሮጌው መስመር አገልግሎቱን ካቆመ በኋላ፣ ከሜኢሶ እስከ ደወሌ 339 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክፍል ጨምሮ 1.435 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ መስመር ተዘርግቶ በ2016 ተመርቋል፤ የንግድ አገልግሎቱንም በ2018 ጀምሯል። ከጅማ ዞን የመጣ በአልጋ ላይ የደረቀ የታጠበ ቡናና ከዚያው ዞን የመጣ አምስተኛ ደረጃ፣ በአንድ ባቡር በተከታተሉ ኮንቴይነሮች ውስጥ ተጭነው ሊያልፉ ይችላሉ። በኬላው ላይ የቆመው ሠራተኛ የእሽጉን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፤ ኮንቴይነሩን አይከፍትም።